ብረት ማንሳት ስንጀምር ሚዛኑ ለምን ይጨምራል?

በጥር ወር አንድ ረቡዕ ማለዳ ታላቅ እህቴ ደወለችልኝ። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «ጨመርኩ እኮ!» አለችኝ። ሰፈሯ ያለ ጂም የተመዘገበችው ከገና በኋላ ነው። 44 ዓመቷ ነው። በምርመራ የጾም ስኳሯ ከመደበኛው ከፍ ብሎ ስለተገኘ ሐኪሟ ክብደት እንድትቀንስና ጡንቻ የሚያሠራ ስፖርት እንድትጀምር መክሯታል። በጀመረችበት ዕለት 78.4 ኪሎ ነበረች። ከ10 ቀን በኋላ፣ አራት ጊዜ ሠርታ፣ ምግቧ ላይ ምንም ሳትጨምር፣ ሚዛኑ 80 አላት። «ልቀንስ ሄጄ ልወፍር? ገንዘቤንም ጊዜዬንም ከማባክን ቢቀርብኝ ይሻላል» አለች።

ይህን ለሌሎችም መጻፍ የፈለግኩት ብዙ ሰው ጂም የሚያቆመው ልክ በዚህች ሳምንት ስለሆነ ነው። ያቆመው ደግሞ ሰንፎ አይደለም። በትጋት ሠርቶ፣ ተመዝኖ፣ ቁጥሩን አይቶ፣ «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ነው። ቁጥሩ ምን እንደሚል የሚያስረዳው ቢያገኝ ኖሮ ይቀጥል ነበር።

እኔና እህቴ መጀመሪያ ያደረግነው ሒሳብ መሥራት ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ጉልበት ይይዛል። እንግዲህ 1.6 ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነቷ ከሚያቃጥለው በላይ 12,300 ኪሎ ካሎሪ ያህል መብላት ነበረባት። ለ10 ቀን ስናካፍለው በቀን 1,230 ይሆናል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስላለው፣ ጭማሪው ስብ ነው ካልን እህቴ ከወትሮው ምግቧ ላይ በየቀኑ አሥር የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጠጥታለች ማለት ነው። «ኧረ አንድም አልጨመርኩ!» አለች። እንደዚያ ከሆነ ስብ አይደለም።

ጡንቻም አይደለም። ይህን በደንብ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም አሠልጣኞች «አይዞሽ፣ ጡንቻ እየሆነልሽ ነው» እያሉ ማጽናናት ይወዳሉ። ቃሉ የሚነገረው በቅንነት ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። ጀማሪ ወንድ በደንብ እየበላ በደንብ ከሠራ በወር ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ጡንቻ ቢጨምር ተሳክቶለታል። ሴት የዚያን ግማሽ ያህል ትጨምራለች። በ10 ቀን ውስጥ እህቴ ላይ የተጨመረ ጡንቻ ቢኖር እንኳ ከ170 ግራም እምብዛም አያልፍም። ችግሩ የሚመጣው ኋላ ነው። ጭማሪው ጡንቻ ነው ብሎ ያመነ ሰው በስድስተኛው ሳምንት ሚዛኑ መልሶ ሲወርድ «ጡንቻዬ ጠፋ» ብሎ እንደገና ይደነግጣል።

ስብ ካልሆነ፣ ጡንቻ ካልሆነ፣ የሚቀረው ውሃ ነው።

ውሃው ከየት መጣ? ያልለመደ ጡንቻ ብረት ሲያነሳ፣ በተለይም ብረቱን ቀስ እያደረገ ወደ ታች ሲያወርድ፣ ክሮቹ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉዳቶች ይደርሳሉ። ሰውነት ደግሞ የተጎዳ ቦታ ሲያገኝ ሁልጊዜ የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ደምና ፈሳሽ ወደዚያ ይልካል፣ ጠጋኝ ሴሎች ያሰማራል። እግራችን ወለም ሲል ቁርጭምጭሚታችን የሚያብጠው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ የጡንቻው እብጠት በጭኑ፣ በመቀመጫው፣ በጀርባው ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚሰራጭ አለመታየቱ ነው። ሕመሙ ግን ይታወቃል። ከሠራን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። እህቴ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ደረጃ ለመውረድ የግድግዳ ድጋፍ አስፈልጓት ነበር። መውጣት ሳይሆን መውረድ የከበዳት ጭናችን ስንወርድ እየተለጠጠ ስለሚሠራ ነው። ያ ሕመም ባለባቸው ቀናት ሚዛን ላይ የወጣ ሰው የሚመዝነው ጥገናውን ጭምር ነው።

ደግነቱ ጡንቻ ይማራል። ያንኑ እንቅስቃሴ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ስንሠራው ጉዳቱ በጣም ይቀንሳል፣ ሕመሙም እንደዚያው። ስለዚህ ይሄኛው ውሃ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ራሱ ይሄዳል። ከወራት ዕረፍት በኋላ ወደ ጂም ስንመለስ ወይም ፕሮግራሙን ሙሉ በሙሉ ስንቀይር ለአጭር ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔም የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ውሃ ከስንቅ ጋር የሚመጣ ነው፤ እሱ ደግሞ ቶሎ እንዲሄድ አንፈልግም። ከእንጀራ፣ ከዳቦ፣ ከድንች የምናገኘውን ስኳር ሰውነት ለቅርብ ጊዜ ፍጆታ ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀምጠዋል። ዋናዎቹ ጎተራዎች ጡንቻና ጉበት ናቸው። በአንድ አዋቂ ሰው ጡንቻ ውስጥ 400 ግራም፣ በጉበቱ ደግሞ 100 ግራም ገደማ ይኖራል። ይህ ስንቅ ግን ደረቁን አይቀመጥም። እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ገደማ ውሃ ይዞ ነው የሚገባው። ብረት ማንሳት የጀመረ ጡንቻ ሥራ እንደበዛበት ስለሚያውቅ ከድሮው የበለጠ ስንቅ መያዝ ይጀምራል። 150 ግራም ቢጨምር 450 ግራም ውሃ ይከተለዋል፤ በድምሩ 600 ግራም መሆኑ ነው። ይህ ለጡንቻችን የተሞላ ነዳጅ ነው፤ በሚቀጥለው ቀን ብረቱን የምናነሳበት።

የዚህን ተቃራኒም ሁላችንም እናውቀዋለን። እንጀራና ዳቦ ትቶ «በአንድ ሳምንት ሁለት ኪሎ ቀነስኩ» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? ከሁለቱ ኪሎ አብዛኛው ባዶ የቀረው ጎተራና ከሱ ጋር የወጣው ውሃ ነው። በልቶ ሲያድር ይመለሳል። ያ ሰው ቀነስኩ ብሎ የተደሰተበትና እህቴ ጨመርኩ ብላ ያዘነችበት ነገር አንድ ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ይለያያል።

ጨውም አለ። ክሊኒክ ውስጥ ክንዳችን ላይ የሚሰካልን የጨው ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው የያዘ ነው። እንዲያ ተደርጎ የተዘጋጀው ከሰውነታችን ፈሳሽ ጋር እንዲመጣጠን ነው። ሰውነት ይህን ሚዛን አጥብቆ ይጠብቃል። ድግስ በልተን ጨው ሲበዛብን፣ ኩላሊት ትርፉን እስኪያስወጣ ድረስ ለመመጣጠኛ የሚሆን ውሃ ይይዛል። ጨው የበዛበት ወጥ የተበላበት ማግስት ሚዛኑ አንድ ኪሎ ቢዘል አይግረማችሁ። በሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ሰውነት ውሃ መያዙ የታወቀ ነው፤ ከግማሽ እስከ ሁለት ኪሎ ሊደርስ ይችላል። እህቴ ቀኑን ስትቆጥር የዚያች ረቡዕ ሚዛን የወር አበባዋ ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው የተመዘነ ሆኖ ተገኘ። የጥገናው ውሃ፣ የስንቁ ውሃና የወሩ ውሃ በአንድ ማለዳ ተገናኝተው ኖሯል።

ክሪያቲን የሚባለውን የስፖርተኞች ማሟያ የሚወስዱ ሰዎች ሌላ አንድ ነገር ይወቁ። ክሪያቲን ውሃን ወደ ጡንቻ ውስጥ ይስባል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ መጨመር የተለመደ ነው፣ ስብ አይደለም።

ይህን ሁሉ ውሃ ለማመን የሚከብደው ካለ ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ሚዛን ላይ ውጡ፤ ከዚያ አንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ጠጡና ወዲያው ተመልሳችሁ ውጡ። ልክ አንድ ኪሎ «ወፍራችኋል»። ሚዛን አጥንቱን፣ ደሙን፣ ገና ያልወጣውን የትናንት ሽሮ፣ ጫማውን ሁሉ በአንድ ላይ ደምሮ የሚናገር ዕቃ ነው። በተለይ መንገድ ዳር ልጆች ይዘውት የሚቀመጡት ሚዛን ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከነጃኬትና ከነጫማ ወጥቶ የሚገኘውን ቁጥር ቤት በማለዳ ከተገኘው ጋር ማወዳደር ምንም አይነግረንም። የስብ መጠን በመቶኛ እናሳያለን የሚሉት ኤሌክትሪክ ሚዛኖችም የሚሠሩት ቀላል ኤሌክትሪክ በሰውነት ውስጥ በማሳለፍ ነው፤ ውሃችን ሲለዋወጥ ቁጥራቸውም አብሮ ይዋዥቃል። የአንድ ቀን ንባባቸውን አትመኑ።

በድንጋጤ የሚደረጉት ነገሮች ናቸው ከኪሎው ይልቅ የሚያሳስቡኝ። የመጀመሪያው ምግብን በኃይል መቁረጥ ነው። ጡንቻ በሚጠገንበት ሳምንት ምግብ የተነፈገ ሰው ይደክማል፣ ሕመሙ ይቆይበታል፣ በሚቀጥለው ቀን ብረቱ ይከብደዋል። ሁለተኛው ላስቲክ ሆድ ላይ ጠቅልሎ መሮጥ ነው። ጂሞቻችን ውስጥ ዛሬም ድረስ ይታያል፤ አሠልጣኝ ሲያዘውም አይቻለሁ። ላስቲኩ ሥር የሚወርደው ላብ ነው። ላብ ውሃና ጨው እንጂ የቀለጠ ስብ አይደለም፤ ከቦርጭ ላይ አንዲት ግራም ስብ አያነሳም። ሰውየው ቤቱ ገብቶ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል። ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው፤ ሰውነት የሚበርደው በላብ ትነት ስለሆነ፣ ትነቱን ከልክሎ መሥራት ሙቀት በውስጥ እንዲከማች ያደርጋል፣ ራስን እስከመሳት ያደርሳል። ውሃ አለመጠጣት፣ ሽንት የሚያበዛ ክኒን ያለ ሐኪም መዋጥም እንዲሁ ነው። ውሃ ለማጉደል የተደረገ ነገር ሁሉ ውሃ ብቻ ነው የሚያጎድለው።

ሌላው ፍርሃት የሴቶች ነው፤ «ብረት ካነሳሁ ወንድ እመስላለሁ» የሚለው። ጡንቻን በጣም የሚያገዝፈው ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን በወንዶች ደም ውስጥ ከሴቶች ከ10 እስከ 20 እጥፍ ይበልጣል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ዳምቤል የምታነሳ ሴት ሳታስበው ድንገት ልትገዝፍ አትችልም። በጡንቻ መግዘፍን ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች ለዓመታት ይለፉበታል። «ስብ ወደ ጡንቻ ይቀየራል» የሚባለውም የለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ አንዱ ሊቀንስ ሌላው ሊጨምር ይችላል። ጡንቻ ግን ከስብ ይልቅ እምቅ ነው። እኩል ኪሎ ያላቸው ጡንቻና ስብ ቢቀመጡ ጡንቻው ያነሰ ቦታ ይይዛል። ሚዛኑ ሳይነቃነቅ ቀሚሱ የሚሰፋበት ምክንያት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተጋነነ ተስፋም ላርም። ጡንቻ ተኝተንም ብዙ ካሎሪ ያቃጥልልናል ይባላል። አንድ ኪሎ ጡንቻ በዕረፍት ላይ በቀን የሚያቃጥለው 13 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ጥቂት ነው። ለእህቴ ጡንቻ የሚያስፈልጋት ለሌላ ነገር ነው። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ነው፤ በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ ደግሞ ስኳርን ወደ ሴሎች የሚያስገባውን ሆርሞን፣ ኢንሱሊንን፣ ሳይጠብቅ ስኳር መውሰድ ይችላል። ከ30 ዓመት በኋላ ካልሠራንበት ጡንቻችን በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል። በሴቶች ላይ ከማረጥ በኋላ አጥንትም ይሳሳል፤ አጥንትን ጠንክር የሚለው ደግሞ ጭነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች ከእግር ጉዞና ከሩጫው በተጨማሪ ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያሠራ እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን እንዲሠሩ የመከረው ለዚህ ሁሉ ነው። ጂም መግባት የግድ አይደለም። ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ማለት፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቶ ጎንበስ ብሎ ወደ ሆድ መሳብ ለመጀመሪያው ወር ይበቃል፤ ጀሪካኑ ሲሞላ 5 ኪሎ መሆኑን ለማወቅ ሚዛን እንኳ አያስፈልግም።

ጀማሪ ሕመሙንም ውሃውንም ማሳነስ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሁለት ዙር፣ በየዙሩ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ «ሁለት ሦስት ጊዜ ልጨምር እችላለሁ» እያልን ማቆም። አቅማችንን በመጀመሪያው ቀን አሟጥጠን ማሳየት አያስፈልግም።

ሚዛኑን እህቴ ከነጭራሹ እንድትተው አልመከርኳትም፤ የምታየውን ነገር እንድትቀይር እንጂ። በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ ማለዳ፣ ከመጸዳጃ በኋላ፣ ምንም ሳትቀምስ ትመዘንና አማካዩን ትወስዳለች፤ የሳምንቱን አማካይ ከሳምንቱ አማካይ፣ ከተቻለም ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ታወዳድራለች። ወገቧን በሜትር ትለካለች፤ ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌው አጥንት ጫፍ መካከል፣ አየር አስወጥታ፣ ሆዷን ሳታስገባ። በብዙ አገር መመሪያዎች ወገብ ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የጤና ስጋት መጨመር ይጀምራል፤ ስለዚህ ለስኳሯ ከኪሎው ይልቅ ይሄኛው ቁጥር ይነግራታል። ሦስተኛው በደብተር ላይ ያነሳችውን ብረት መጻፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበት የሚጨምረው በዋናነት አንጎልና ነርቭ ያለውን ጡንቻ በደንብ ማዘዝ ስለሚለምዱ ነው፤ ለዚያም ነው መስተዋት ምንም ሳያሳይ ደብተሩ ለውጥ የሚያሳየው።

ሁሉም ጭማሪ ውሃ ነው ብዬ ግን አላታልላችሁም። ከስድስት ወይም ከስምንት ሳምንት በኋላ አማካዩ አሁንም እየወጣ፣ ወገቡም አብሮ እየሰፋ ከሆነ ምግብ ነው። ብረት ሠርተን ስንወጣ ይርበናል፣ ይገባናልም ብለን እናስባለን። አንድ ሰዓት ብረት ማንሳት ለብዙ ሰው ከ200 እስከ 300 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው የሚያስወጣው፤ ከጂሙ በር ላይ አቮካዶ የበዛበት፣ ስኳር የተጨመረበት አንድ ትልቅ ስፕሪስ ያን ሁሉ ሊመልሰው ይችላል። እንዲህ ከሆነ የሚስተካከለው ስፕሪሱ ነው፣ ጂሙ አይደለም።

ሐኪም የሚያስፈልገው ውሃም አለ። እግር ካበጠና ጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ከቀረ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው በሁለት ሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመረ፣ የሥልጠና ውሃ ነው ብሎ መጠበቅ አይገባም። ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረና ጡንቻው ከመጠን በላይ ካበጠ ደግሞ በዚያኑ ዕለት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን እየጎዳ ሊሆን ይችላል።

እህቴ ቀጠለች። በሦስተኛው ሳምንት አማካይዋ 80.3 ደረሰ፣ በስድስተኛው ወደ 78.9 ወረደ፣ ሁዳዴ ሲጋመስ 77.5 ሆነ፤ ወገቧ ከ97 ወደ 92 ሴንቲ ሜትር ገብቷል። በጾሙ ያሳሰበኝ ፕሮቲኑ ነበር። ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ ጥሬያቸውን በ100 ግራም ከ20 እስከ 26 ግራም ፕሮቲን አላቸው፤ ስለዚህ ሽሮውን ወፈር፣ የምስር ወጡን ጨመር፣ እንጀራውን ቀነስ ማድረግ ነበር የተስማማነው።

የፋሲካ ማግስት ሰኞ ጠዋት ደወለች። ዶሮውን፣ ክትፎውን፣ ጠላውን አስቤ ስለ ሚዛኑ እንደምትነግረኝ ጠብቄ ነበር። «ሁለት ኪሎ ዘሏል፣ ዓርብ አየዋለሁ» አለችና ወሬውን ቀየረች፤ የትከሻውን ዳምቤል ከ4 ወደ 5 ኪሎ ማሳደግ ፈልጋ በስንት ድግግሞሽ ብትጀምር እንደሚሻል ነው የጠየቀችኝ። በስድስት ጀምሪ አልኳት። የስኳር ምርመራዋ ግንቦት ላይ ነው።